እንኳን አብሮ አደረሰን

«እና ዘጋኸኝ?» አለች ምኞት። «ስሜን ፈልገህ፣ ተጭነህ፣ እንደ አጭበርባሪ ቁጥር ዘጋኸኝ?»

«ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ከገና ወዲህ የጻፍኩልህ ሁሉ አንድ ምልክት ላይ ቆሞ ቀርቷል። ኔትወርክ ነው እላለሁ። ገጠር ወርዶ ነው እላለሁ። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ይሆናል እላለሁ። የስልክ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ፣ የሰው ስልክ ሳስተካክል እየዋልኩ፣ መዘጋቴን ሳላውቅ አራት ወር ሊሞላኝ ነው።»

ሌንጂሳ ከመደርደሪያው ማዶ ቆሞ አንድ የስልክ ሽፋን አንስቶ ያገላብጣል። የሚገዛው ሽፋን አልነበረም፤ እጁ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው። የጌዶ የፊዚክስ መምህር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አምቦ ሲወርድ ይህቺን ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ያለች ሱቅ ሳይረግጥ አይመለስም ነበር። ከገና ወዲህ ግን ዛሬ ገና መምጣቱ ነው። ጺሙን ተላጭቷል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ሸሚዙ ከማሸጊያው ሲወጣ የነበረበት እጥፋት ደረቱ ላይ ገና አልጠፋም፤ ምኞትም ከተቆጣች ጀምሮ ዓይኗ ከዚያ እጥፋት አልተነሳም።

«መልስሽን ሰጥተሽኝ የለ?» አለ። «ከመልሱ በኋላ ደግሞ ምን ልጠብቅ?»

«የምን መልስ?»

«ተይ ምኞት።»

«የምን መልስ ነው የምትለው?»

«ሁለት ምልክት አይቻለሁ። ካነበብሽ በኋላ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብሽም። ፍርድ ቤት እንኳ ቀጠሮ ይሰጣል።»

«ምን ብዬ ነው የመለስኩልህ?»

ሽፋኑን ቦታው ላይ መለሰው። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ምኞት ግራ ተጋብታ አየችው። «ለበዓል እንዲህ አይደል እንዴ የሚባለው? ሌላ ምን እንድልህ ነበር?»

እሱም አፈጠጠባት። የምትቀልድበት መሰለው። ከዚህ በፊት ጨክና አይቷት አያውቅም፤ እንዲህ ጨክና ማየቱ ከመልሱ ይልቅ ጎዳው።

«አዎ፤ እንዲህ ነው የሚባለው» አለ። «ለማንኛውም ሰው።»

ሌላ ነገር ሊጨምር ሲል የበሩ ብርሃን ጠቆረ፤ ኦቦ ጉርሙ ከነከዘራቸው ገቡ። «አካም ኦልተን» ብለው ለሱቁ በሙሉ ሰላምታ ሰጡና መልስ ሳይጠብቁ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። የእጃጂ የከብት ነጋዴ ናቸው። ስልካቸውን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው እንደታመመ ጥጃ በሁለት እጃቸው አቀረቡላት።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬም በላው። ሰኞ ሞላሁ፣ ሐሙስ የለም። እኔ ስልኩን እንኳ አልነካሁትም። ኪሴ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚበላው።»

«ኪስ ውስጥም ሆኖ ይሠራል ኦቦ። እርስዎ ሲተኙ እሱ አይተኛም።»

«እኔ ቤት እንዲህ ያለ አንድ ሎሌ ነበረ፤ አባረርኩት። ይሄን ግን እንዴት ላባርር?»

የሌንጂሳ ስልክ ጠራ። አንስቶ አየውና ወደ በሩ አፈገፈገ። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አለ። «ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው። ሳልነግርሽ አልሄድም።» ወጣ።

ከወጣ በኋላም ድምፁ ሱቁ ውስጥ የቀረ መሰላት። «ለማንኛውም ሰው» ያለበት ድምፅ።

*

የሱቁ ደንብ እንዲህ ነው። ስልክ የሚተው ሰው ሲመጣ ምኞት ቁራጭ ወረቀት ትቀድና ቁጥርና ሕመሙን ትጽፍበታለች። «ቻርጅ አይዝም» ወይም «ስክሪን» ወይም «ድምፅ የለውም»። ከዚያ ወረቀቱን በላስቲክ ስልኩ ላይ ታስርና ከመስታወቱ በስተጀርባ በተራ ትደረድረዋለች። አባቷ ጋሽ እንግዳወርቅ ከምሳ ሲመለሱ ተራውን ከዳር እያነሱ ያያሉ። አብዛኛው ወረቀት ላይ ግን የሚጻፈው «ዳታ ይበላል» የሚል ነው፤ ያ የምኞት ሥራ ነው። የአምቦ ሰው «ቆጣቢዋ» ይላታል። ከጉደርም ከጊንጪም ድረስ ስሟን ጠይቀው የሚመጡ አሉ።

ሥራው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ዝርዝሩን ትከፍታለች። የትኛው አፕ ስንት ሜጋባይት እንደበላ፣ ከፊት ሆኖ ይሁን ከጀርባ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰልፎ ይወጣል። የሚበላውን ትዘጋለች። ቪዲዮ በራሱ እንዳይከፈት፣ ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ታደርጋለች። ሰዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር ያ ዝርዝር ስለነሱ የሚናገረውን ነው። ኮስታራው የእህል ነጋዴ ሌሊቱን ሙሉ የጭፈራ ቪዲዮ ሲያይ ያድራል። ባሏ ጅቡቲ መስመር የሚነዳው ሴትዮ ፓኬጅዋ የሚያልቀው ባሏ የት ደረሰ እያለች ካርታ ስታይ ነው። ምኞት ይህን ሁሉ አይታ ምንም ሳትል ትዘጋዋለች።

ሌንጂሳም የዛሬ ሁለት ዓመት እንደ ሁሉም ሰው ገብቶ ነበር። «ፓኬጄን ማን እንደሚበላብኝ አላውቅም» አለ። ዝርዝሩን ከፈተች። ሙልጭ አድርጎ የበላው የትምህርት ቪዲዮ ነው። የመግነጢስ፣ የፔንዱለም፣ የመብረቅ። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የለውም፤ እሱ በራሱ ፓኬጅ እያወረደ ስድሳ ሁለት ተማሪ አምስት አምስት እያደረገ በዚያች መዳፍ በማታክል ስክሪን ያሳያል።

«ለራስህስ?» አለችው።

«ለራሴ ጽሑፍ ይበቃኛል።»

ከሱ በፊት ዝርዝሩን አይታ ያላፈረችለት ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ፤ የዘጋችው ተከፍቶ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜም ተከፍቶ ነበር። ራሱ እያወቀ ይከፍተዋል፣ እሷም እያወቀች ትዘጋዋለች፤ ስድስት ቅዳሜ እንዲህ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አባቷ እንዳያውቁ ፈለገች። ጋሽ እንግዳወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም። አያታቸው አምቦ የሰፈሩ፣ እሳቸውም ከአንድ መደርደሪያ ተነስተው ሁለት ሱቅ ያደረሱ፣ ልጃቸውን ደግሞ ከሁለት ሱቅ በታች ላለ ሰው የማይሰጡ ናቸው። የጎረቤት ልጅ የገጠር መምህር ስታገባ «አንድ ጠመኔ ይዞ ነው ልጅ የሚያሳድገው?» ብለው ሲስቁ ሰምታለች።

ስህተቷ ዝርዝሩን ራሷ ለአባቷ ማስተማሯ ነበር። ባለፈው ጥቅምት እራት ላይ የቤቱ ፓኬጅ ቶሎ አለቀ ብለው ሲያማርሩ እንደ ደንበኛ ከጎናቸው ተቀምጣ አሳየቻቸው። ደስ አላቸው። ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው «እስኪ ያንቺንም አምጪ» አሉ። ስልኩም ፓኬጁም የሳቸው ነው። ቴሌግራም ከላይ ተቀምጦ ነበር፣ ስድስት መቶ ሜጋባይት ይዞ።

«ይሄ ሁሉ ከማን ጋር ነው?»

«ከአከፋፋዮቹ ጋር ነው አባዬ። የዕቃ ፎቶ ይልካሉ።»

«ጥሩ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስልኳን ይጠይቃሉ፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ወርደው ይመልሱላታል። አክስቷ ወርቅቱ ጊንጪ ያላትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ «ነይና አግዢኝ» ብላ ስትለምን እንኳ የእምቢታቸው ምክንያት ይኸው ነበር፤ «እዚህ እያየኋት ትሁን።»

ምኞትም ሙያዋን በራሷ ስልክ ላይ ተጠቀመችበት። ፎቶ ዘጋች። ቪዲዮ ዘጋች። ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ዘጋች። ሌንጂሳን «ጽሑፍ ብቻ ላክልኝ» አለችው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረችውም፤ የአባቷን ቁጥጥር ለሱ መንገር አባቷንም እሱንም ማዋረድ መሰላት። በኅዳር መጨረሻ ቴሌግራም ከዝርዝሩ ወርዶ ወርዶ ከሒሳብ ማሽኑ በታች ተቀመጠ። ፍቅሯ ለዓይን የማይሞላ ሆኖ ኪሷ ውስጥ ሲኖር ደህና ያለ መስሏት ነበር።

*

«ምነው ዝም አልሽ? ሞተ እንዴ?» አሉ ኦቦ ጉርሙ።

«ደህና ነው ኦቦ። የልጅ ልጆችዎ ናቸው። ትግል ያያሉ።»

«የምን ትግል?»

«ነጮች ሲታገሉ።»

ኦቦ ጉርሙ ስልኩን እንደ አዲስ ሰው አዩት። «እኔ በነጭ ትግል ነው እንዴ የደኸየሁት» አሉ።

ወረቀት ቀደደች፣ «14፣ ዳታ ይበላል» ብላ ጽፋ በላስቲክ አሰረችው። ከዚያ የራሷን ስልክ አወጣች። «ሁለት ምልክት አይቻለሁ» ያለው አልለቀቃትም። ምኑን ነው ያየው?

የሱን ስም ነካች። ከታች አንድ አንድ ምልክት የያዙ የሷ መልእክቶች ተደርድረዋል፤ «ምነው ጠፋህ»፣ «ደህና ነህ ወይ»፣ «ደወልኩ፣ ክፍል ነኝ ብለህ ዘጋህ፣ ጨርሰህ አልደወልክም»፣ በመጨረሻ «እሺ»። ወደ ላይ ወጣች። ታኅሣሥ 28። «እንኳን አብሮ አደረሰን። በዓሉ የሰላም የጤና የፍቅር ይሁንልን።» ያን ቀን አንዴ ጽፋ፣ ገልብጣ፣ ለአከፋፋዩም ለቄሱም ለጎረቤቱም ለጥፋዋለች። ሠላሳ የሚሆን ሰው የገና ካርድ ልኮላት ነበር፤ ፎቶ ሁሉ የተዘጋ ስለሆነ ሠላሳ ጭጋግ ሆኖ ነበር የሚታየው። ለሱ ማታ ተረጋግታ በደንብ ልትጽፍለት አስባ፣ ለጊዜው እንደሌላው ለጥፋለት አለፈች። ማታ ቤቱ እንግዳ ሞላ።

ከዚያ መልስ በላይ የሱ ጭጋግ አለ። ነጣ ያለ፣ ዳር ዳሩ ወደ ቢጫ የሚሄድ። መሐሉ ላይ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት።

ቀስቷን ነካቻት።

ለመውረድ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አልፈጀባትም። ጭጋጉ ጠራና መስመር ያለው ወረቀት ሆነ፤ የደብተር ወረቀት፣ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላ።

«ለምኞት፤

ይህን በእጄ የጻፍኩት ለእንዲህ ያለው ነገር የስልክ ፊደል ስላልሆነልኝ ነው። ጠመኔ የለመደ እጅ ነውና ጽሕፈቴን እለፊልኝ።

አባትሽ እኔን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ኦቦ ኦሊቃና ርዕሰ መምህራችን በጥምቀት ማግስት ደጃችሁ ለመቆም እሺ ብለውኛል። አንዴ ቢመለሱ ሁለተኛ ይመጣሉ፤ ሁለተኛ ቢመለሱ ሦስተኛ ይመጣሉ። የምፈራው የአባትሽን እንቢታ አይደለም።

ከፈለግሽኝ ‹ይምጡ› ብለሽ ጻፊልኝ። አንድ ቃል ነው፤ ዳታም አይበላም።

ካልፈለግሽኝ ግን እንቢ የሚል ቃል ከአንቺ እጅ ማየት አልችልም። እንደ ማንኛውም ሰው የበዓሉን ሰላምታ ብቻ መልሺልኝ። ይገባኛል። ሁለተኛም አላስቸግርሽም።

ሌንጂሳ፣ ጌዶ»

አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ዓይኗ ከመጨረሻዎቹ መስመሮች አልወጣም። እጇ በልማድ ዝርዝሩን ከፈተ። ቴሌግራም ቀድሞ ከነበረበት ሁለት መቶ ኪሎባይት እንኳ አልጨመረም። የኦቦ ጉርሙ ስልክ ኪስ ውስጥ ተኝቶ በአንድ ትንፋሽ ከዚያ በላይ ይበላል።

«ምን ሆንሽ ኢንተለ ኮ? ፊትሽ ተለወጠ» አሉ ሽማግሌው።

«ምንም አይደለም ኦቦ። ብርሃኑ ነው።»

ስልኩን በደረቷ አስጠግታ ያዘችው፤ እንደገና ጭጋግ እንዳይሆንባት የፈራች ይመስል። ከዚያ ደግሞ በድንገት ደስ አላት። ውጭ ነው ያለው። ሳልነግርሽ አልሄድም ብሏል። አሁን ይገባል፣ ስክሪኑን ታዞርለታለች፣ «ይምጡ» ትለዋለች፣ አባቷም የፈለጉትን ይበሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ደፍራ አታውቅም። ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ጠበቀች።

*

ሲገባ ግን ብቻውን አልነበረም።

ቀድማው የገባችው ጠይም፣ ሳቂታ ፊት ያላት ልጅ ናት። በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ጥቅሉን መስታወቱ ላይ አስቀመጠችው፤ አዲስ የማተሚያ ቀለም ይሸታል።

«አንቺ ነሽ ቆጣቢዋ? ጃለኔ እባላለሁ። ከእጃጂ ነው የመጣሁት፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ያየሁት ሰው ሁሉ እሷ ጋ ሂጂ ይለኛል። ይሄ ግን ሌላ ሱቅ አለ፣ ሌላ ሱቅ አለ ሲለኝ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ቀድሜ ሄጄ ወረፋ ልያዝልሽ አለ። ያዝክ ወይ ወረፋ?»

ሌንጂሳ በሩ ላይ ቆሟል። «ይዣለሁ» አለ። ምኞትን ሲያያት ፊቱ የሚለምን ፊት ነበር። ሳልነግርሽ ደረሰች፣ ይላል።

የጥቅሉ ወረቀት ጥጉ ላይ ተቀዷል። ከውስጥ ክሬም ቀለም ያለው ካርድ ይታያል። በወርቃማ ፊደል ሁለት ስም ተጽፏል። ከስሞቹ ሥር «ግንቦት 13» ይላል።

ምኞት ካርዱን አነበበችው። ስልኳን ቀስ ብላ በፊቱ ደፍታ መስታወቱ ላይ አኖረችውና እጇን ለጃለኔ ዘረጋች። «አምጪው፤ እንየው» አለች።

«የሚበላውን እንኳ እኔው አውቀዋለሁ» አለች ጃለኔ ስልኩን እየሰጠቻት። «ይሄ ሰውዬ ነው። በእጁ ይጽፋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ይልክልኛል። በየሳምንቱ ሁለት ገጽ። እንደ ሰው በፊደል ጻፍልኝ ብዬ ለመንኩት፣ አይሰማም። ፎቶውን ዝጊልኝና እኔም ፓኬጄም እንረፍ።»

ኦቦ ጉርሙ ሳቁ። ምኞት ዝርዝሩን ከፍታ አየች። እውነቷን ነው፤ ቴሌግራም ከላይ ተቀምጧል። እሱ ውስጥ ገባች፣ በሞባይል ዳታ በራሱ የሚወርደውን ከፈተች። ሦስት ቁልፎች ተሰልፈዋል። ቪዲዮውን ዘጋች። ፋይሉን ዘጋች። ጣቷ ፎቶው ላይ ደርሶ ቆመ።

በቀን ሃያ ጊዜ የምትነካው ቁልፍ ነው። ይህቺ ልጅ ራሷ ለምናታለች። ብትዘጋው ማንም ምንም አይላትም፤ አንድ ቀን አንድ ደብዳቤ ጭጋግ ሆኖ ይመጣል፣ ይህቺ ሳቂታ ልጅም ትስቅና ታልፈዋለች። ምኞት ይህን አሰበች። ማሰቧን ራሷ አወቀችው፤ አፈረችም፤ ጣቷ ግን ቶሎ አልተነሳም።

«ፎቶውን አልዘጋም» አለች በመጨረሻ።

«እንዴ፣ ዋናው በላተኛ እሱ አይደል?»

«ይበላል። ግን ፎቶ ሲዘጋ ሁሉም አንድ ይመስላል። የበዓል ካርድ ይሁን የሰው ደብዳቤ ይሁን አይለይም፤ ጭጋግ ነው። ሰው የገና ካርድ ይመስለውና እንኳን አብሮ አደረሰን ብሎ ይመልሳል።»

ጃለኔ ሳቀች። «ለደብዳቤ?»

«ለደብዳቤ።»

በሩ ላይ የቆመው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። «እንዲህ ያደረገ ሰው አለ?» አለ።

«አንዲት ደንበኛ አለች።»

«ሁለት ምልክት ከታየ ግን... አንብባዋለች ማለት አይደለም?»

«ገጹን ከፍታለች ማለት ነው። ፎቶውን አይታለች ማለት አይደለም። መምህር አይደለህ? ይሄን ማወቅ ነበረብህ።» ዓይኗን ከጃለኔ ስልክ አላነሳችም።

«መቼ ነው የዘጋችው?»

«ኅዳር። አባቷ ዝርዝሩን ያዩባት ነበር። ቴሌግራሟ ከፍ ካለ ከማን ጋር ነው ይሏታል።»

«ለልጁ አልነገረችውም?»

«አልነገረችውም። አባቷን ማሳጣት መሰላት።»

ወደ መስታወቱ ቀረበ። «ደብዳቤውንስ መቼ አነበበችው?»

«ዛሬ። አሁን ከምሳ በኋላ።»

ኦቦ ጉርሙ ከበርጩማቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይ ጉድ። ሰውየውስ አፍ የለውም? ደውሎ አይጠይቃትም?»

«አልጠየቀም» አለች ምኞት።

«አልጠየቀም» አለ ሌንጂሳም። «ዘጋት።»

የሱ ድምፅ ሲሰበር ሰማችው። ቀና ብላ ልታየው ፈለገች፤ ብታየው ግን የምትሆነውን አላወቀችም። ጃለኔ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ጨዋታው ጥሟታል።

«ምን ይላል ግን ደብዳቤው? ሽማግሌ ልላክ ነው?»

«ነው።»

«ውይ። አንብባው ቢሆን ምን ነበር የምትመልስለት?»

ሌንጂሳ አልተነቃነቀም። ምኞት የጃለኔን ስልክ አጠፋችና ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«አንድ ቃል ነው» አለች። «ዳታም አይበላም።»

ቃሉን አልተናገረችውም። መናገር አላስፈለጋትም፤ ቃሉን የጻፈው ሰው እዚያ ቆሟል። ጃለኔ አሁን አልሳቀችም። አንዴ ወደ ሌንጂሳ፣ አንዴ ወደ ምኞት አየች፤ ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ የካርዱን ጥቅል ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ምኞት ይህን አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችላት። ከሦስቱ ምንም ያላጠፋችው እሷ ብቻ ናት፤ ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ማን ነበር የመጀመሪያዋ እያለች የምታነበውም እሷ ናት።

*

ጋሽ እንግዳወርቅ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ገቡ። እንግዳ ሲያዩ ሁልጊዜም ደስ ይላቸዋል።

«ኦቦ ጉርሙ፣ ነጋ ጅርታ? ዛሬም በላብዎት?»

«በላብኝ። ነጭ እየታገለ ነው የሚበላው።»

«ዝርዝሩን ማየት ነዋ። ዝርዝሩ አይዋሽም። ይሄን ያስተማረችኝ ልጄ ናት።» ካርዱን አዩት። «ደግሞ ሙሽሮች ናችሁ? እንኳን ደስ ያላችሁ። ከየት ናችሁ?»

«እኔ ከእጃጂ፣ እሱ ከጌዶ ነው» አለች ጃለኔ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «መምህር ነው።»

«ጎበዝ። ትዳር የሚያምረው ከእኩያ ጋር ነው» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ ከልባቸው፤ የሌንጂሳንም እጅ ያዙና ደጋግመው ጨበጡት። እጁን ሰጣቸው። በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ምኞትን አያት፤ ከንፈሩ ሊከፈት ሲል እሷ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ይቅር፣ ነው። ከእንግዲህ ምን ይነገራል፤ ሽማግሎቹ የጃለኔን አባት ደጅ ቆመው እሺታ ይዘው ተመልሰዋል፤ ካርዱም ታትሟል።

ኦቦ ጉርሙ እጃጂ የሚለውን ሰምተው ቀና አሉ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የዓብዲሳ ጉታ።»

«የትኛው ጉታ? የላይኛው ጉታ? በቅሎ የነበራቸው?»

«አያቴ ናቸው።»

«ተነሽ ሳሚኝ፤ የአባትሽን አክስት ነው ታላቅ ወንድሜ ያገባው።» ጃለኔ ተነስታ ሳመቻቸው፤ ሽማግሌው እጇን ሳይለቁ የጉታን ወንድሞች በስም መጥራት ጀመሩ። ጋሽ እንግዳወርቅም አንደኛውን ያውቁታል፤ እህል ሸጦላቸዋል። ሌንጂሳ በመሐላቸው ቆሞ የተጠየቀውን ይመልሳል፣ የሚመልሰውን ግን አይሰማውም።

ምኞት ከመሳቢያው ቁራጭ ወረቀት ቀደደች። «15» ብላ ጻፈች። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሕመሙን ለመጻፍ ትንሽ አሰበች። የራሷን ስልክ ከመስታወቱ ላይ አነሳች፤ ደብዳቤው እንደተከፈተ ነው። አልዘጋችውም። ወረቀቱን በላስቲክ አሰረችበትና ከኦቦ ጉርሙ ስልክ ቀጥሎ በተራው አስቀመጠችው። አባቷ ከዳር ጀምረው ሲያነሱ ይደርሱበታል።

ወረቀቱ ላይ «ፎቶ አያወርድም» ይላል።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ከመደርደሪያው ወጣች። ስታልፍ የሌንጂሳን አዲስ ሸሚዝ እጅጌ ነካችው፤ እሱ ኦቦ ጉርሙ ለጠየቁት ነገር አዎ እያለ ነበር። «አራተኛው ወንድምየውስ?» ይላሉ ሽማግሌው። «ያ ቀዩ፣ ጭልሞ ጫካ እንጨት ይሠራ የነበረው?» አባቷ ስሙ ምላሳቸው ላይ ቀርቶ ግንባራቸውን ያሻሉ።

ምኞት መንገዱን ተሻገረች። መናኸሪያው በር ላይ ወደ ጊንጪ፣ ወደ አክስቷ አገር የሚሄድ ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ቆሟል። ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ መኪናውም ተነሳ።

«ሌንጮ ነው» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ ሱቁ ውስጥ፤ «ሌንጮ ነበር ስሙ»፤ ሁሉም ሳቁ።